ሽማግሌው ቤት አለ

ፓኒራቅዬ፣

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የባሕሩን በረዶ ያስተማረኝ ሽማግሌው ኡሳርቃቅ አምና በረዶው ከድቶት ሰጠመ። ትናንት ለቅሶ ልደርስ ብሄድ ሚስቱ፣ «ግባ፣ ቤት አለ» ብላ ስሙን ከነነፍሱ የወረሰችውን ሕፃን የልጅ ልጁን አሳቀፈችኝ። «ሲሄድም ጥርስ አልነበረውም፣ ሲመጣም የለውም!» ብላ ሳቀች። ዛሬ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ የምንሻገርበትን ላሳያቸው ካርታዬን ብዘረጋ፣ ሕፃኗ መንገዳችን ላይ መዳፏን ለጥፋ እሪ አለች። ጋሪ የሚነዳልኝ የገዛ አባቷ፣ የሽማግሌው ልጅ፣ «እሺ አባዬ፣ አንሄድም» አላት።

እኛ ከተማ ኑክ ባሕሩ በረዶ አይሆንም። የዚህ ግን እንደ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ስንጥቅ እንኳ አይታይበትም። ዛሬ ግን ከመንደሩ ማንም አልረገጠውም፤ እኔም።

ቦታ አለቀብኝ፤ እናቴን ሳሚልኝ። ኡሳርቃቅም ሰላም ይልሻል።

ሚኒክ