የአባባ አጓ የእግር ጣት

የካቲት 10፣ ሰኞ

በታላቅ ሐዘን ለራሴ የማስታውቀው ከባድ ዜና አለ። የመቲው ተወላጅ፣ የሃያ ዓመቱ ሚስዮናዊ ኢያሱ ሰብስቤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከሳቅ ጋር ተለያይቷል። ምክንያት፦ አዲስ ጓደኛ ተመደበለት።

ሚስዮናዊ ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሁለት ነን። የእኔው ኤልደር ባንተአምላክ ይባላል፤ “ኤልደር” በእኛ በሞርሞኖች ዘንድ የሚስዮናዊ ማዕረግ ነው። ከደብረ ብርሃን። ጃኬት ይዞ መጣ... ጋምቤላ! ጃኬት! አንሶላውን እንደ ፖስታ አጣጥፎ ሲጨርስ፣ “የሚስዮናዊዎችን የሕግ መጽሐፍ አንብበሃል?” አለኝ።

“ፊልሙ እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነው።”

አልሳቀም። ጥርስ ይኖረው ይሆን?

ደግሞ እኛ ጋ የሚጠራው በአባት ስም ነው። “ኤልደር ሰብስቤ!” ባለኝ ቁጥር አባቴ የመጣ እየመሰለኝ ወደ በሩ አያለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን ያቋረጥኩ ቀን አባቴ የጮኸብኝም ልክ በዚህ ድምፅ ነበር።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

አርባ አንድ ዲግሪ። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራባት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ። የሰፈሩ ልጆች “ባንክ! ባንክ!” እያሉ ተከተሉን። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የሚሠራ የርዳታ ድርጅት ሰዎች መሰልናት። “ምዝገባው መቼ ነው?”

“እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ። አለቃው እሱ ነው” አልኩና ወደ ባንተአምላክ ጠቆምኩ።

ምስኪን... ምዝገባ እንደሌለ ግማሽ ሰዓት አስረዳ። በመጨረሻ መጽሐፈ ሞርሞንን ሰጣት።

ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ “ፎርሙ ይሄ ነው?” አለችው።

በሳቅ ሞትኩ።

ባሮ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከተማው በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። ሳሙና፣ ጩኸት፣ ሳቅ... ለሚስዮናዊ ግን መዋኘት ክልክል። ሁለት ዓመት ሙሉ!

“እግር ብቻ መንከርስ?”

“ከእግር ነው የሚጀምረው” አለኝ።

ውሃ የምንገባው ሰው ለማጥመቅ ብቻ ነው። እንግዲህ ቶሎ የሚጠመቅ ሰው ይገኝ...

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ተገኘ! አባባ አጓ። በቤተ ክርስቲያን ደንብ “ወንድም አጓ” ነው መባል ያለበት፤ ስልሳ ዓመት ላለፈው ሰው ግን አፌ እሺ አይለኝም። የድሮ ጀልባ ነጂ ናቸው። ቁመታቸው... በሩን ጎንበስ ብለው ሳይሆን ታጥፈው ነው የሚገቡት። ለሚጠመቅ ሰው ትምባሆ ክልክል መሆኑን ከእኔና ከቀድሞው ጓደኛዬ ሰምተው ፒፓቸውን ከተዉ ሦስት ወር ሆናቸው። ባሮ ውስጥ ወረወሩት።

ባለቤታቸው እማማ አጅዋንግ የሌላ ቸርች ናት። “እኔ ሠላሳ ዓመት ተው አልኩት። አልሰማም። ሁለት ልጆች በክራባት መጡ፣ ሰማ!” ትላለች።

ባንተአምላክ፣ ለምን መጠመቅ እንደፈለጉ ጠየቃቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ። “ድሮ ወደ ማታር ከተማ ሰው ጫንኩ። ጀልባ ተገለበጠ። ሁለት ሰው ባሮ ወሰደ። እኔን ተወኝ። ከዚያ ወዲህ እኔና ባሮ... አንስማማም። በእግዚአብሔር ስም ልግባ። እንታረቅ።”

እኔ እንኳ ክራባቴን አስተካከልኩ። እኔ!

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ማን እንደሚያጠምቅ ተወሰነ። ባንተአምላክ። እኔ ምስክር። ምስክር ማለት ደረቅ ማለት ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ምን ነካኝ?

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሲጠመቁ መላ ሰውነት በአንድ ጊዜ መስመጥ አለበት። ፀጉር ቢቀር፣ ጣት ቢወጣ፣ እንደገና ነው። ለዚህ ነው ሁለት ምስክር የሚቆመው። የቤተ ክርስቲያናችን አባል እህት ኛሉዋል በራስ በኩል፣ እኔ በእግር በኩል። ዓሣ አጥማጆቹ “እዚህ አዞ የለም” ያሉን ቦታ ላይ ነን። እኔ ዳር ላይ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ፣ ክራባቴ አንገቴ ላይ። ባንተአምላክ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ።

አንደኛው ላይ የአባባ አጓ ጉልበት ወጣ። ሁሉም አየ። ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም።

ሁለተኛው ላይ ገቡ። ሙሉ በሙሉ። በዓይኔ አየሁ።

ባንተአምላክ ቀና ብሎ አየኝ። ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ... ፈገግ ብሏል! ጥርስ አለው! እኔ ተቀቅዬ እሱ ቀዝቅዞለት ፈገግ! ከአፌ አመለጠኝ፦

“ጣት! የግራ እግር ትልቁ ጣት!”

አንዴ አስቄ “ቀልዴን ነው” ልል ነበር። ግን ማንም አልሳቀም። አባባ አጓ እግራቸውን ረጅም ጊዜ አዩት።

“ሁለት ጊዜ” አሉ። “ባሮ እምቢ አለኝ።”

ወጡና ነጭ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍ አፍ፣ ሁለት ቃል አቃተው።

የካቲት 23፣ እሑድ

አልመጡም። ወንበራቸው ባዶ።

ከሰዓት ባንተአምላክ ትራስ ይዞ ክፍሉ መሃል ቆሟል። ትራሱን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ያነሣል። ያስተኛል፣ ያነሣል።

“ምን ሆነሃል?”

“አያያዜ ነው ስህተቱ። እጄን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። በእኔ ምክንያት ነው የቀሩት።”

በሌላ ቀን ቢሆን ለትራሱ ስም አወጣለት ነበር። ዛሬ ውጭ ወጥቼ ሸሚዜን አጠብኩ። የታጠበ ሸሚዝ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

መንገድ ላይ ነገርኩት። “ኤልደር... ጣቱ አልወጣም ነበር።”

ቆመ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

“ለሚስዮን ፕሬዚዳንቱ ልትነግረው ነው?” አልኩት። የሁላችንም አለቃ እሱ ነው። ወደ ቤት ይመልሱኛል። አባቴ መቲ መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቀኝ ታየኝ።

“አንተ ነህ የምትነግረው። መጀመሪያ ግን ለእሳቸው።”

እማማ አጅዋንግ በር ላይ ተቀበለችን። “እንደ ልብስ ሁለቴ ነክራችሁ መለሳችሁልኝ፤ ሰውዬው አይበላም” አለች። እሷው ወንዙ ዳር ወሰደችን። ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ ፒፓ አለ፣ የጎረቤት። ትምባሆው ተጠቅጥቋል፣ ገና አልተለኮሰም።

ተንበርክኬ ነገርኳቸው።

“ጣቴ አልወጣም?”

“አልወጣም።”

“አይተሃል?”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን?”

ምን ይባላል? “...ሙቀቱ” አልኩ። “እሱ ውሃ ውስጥ ነበር። እኔ ዳር ላይ።”

“ሙቀት!” አለች እማማ አጅዋንግ፣ ጭኗን እየመታች። “ሙቀት ነው አለ!” ሳቋን መያዝ አቃታት።

እሳቸው አልሳቁም። “ሦስት ቀን ባሮን አላናገርኩም” አሉ። ከዚያ ትምባሆውን መሬት ላይ አራገፉት። “ቅዳሜ እገባለሁ። አንተ ነህ የምታስገባኝ፣ አንተ ልጅ።”

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ለፕሬዚዳንቱ ደወልኩ። ነገርኩት። ምስክር ያላጸደቀው ጥምቀት አይቆጠርም፣ ቅዳሜ አጥምቃቸው፣ ከዚያ ሁሉንም በደብዳቤ ጻፍልኝ፣ ያኔ እንነጋገራለን፣ አለ። መጻፍ! ቤት ቢልከኝ ይቀል ነበር።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ገባሁ። ነጭ ልብስ፣ ባዶ እግር፣ ባሮ እስከ ወገቤ። ዛሬ በእግር በኩል ምስክሩ ባንተአምላክ። ዳር ላይ፣ በክራባት።

ጸሎቱን አልኩ፣ አንዲት ቃል ሳልስት። አስተኛኋቸው። ገቡ። ላነሣቸው ሳብኩ... አይነሡም። እንደገና ሳብኩ። ግንድ! ዳር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ተጠጋ። ባሮ ደግሞ እሳቸውን ወሰዳቸው? በእኔ እጅ?

“አባባ!” ብዬ ጮህኩ።

ብቅ አሉ። አፋቸው ውስጥ የያዙትን ውሃ በሙሉ ፊቴ ላይ ተፉት። ሳቃቸው ድልድዩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ለካ የጀልባ ሰው ትንፋሽ ይይዛል!

ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ “ታች አየሁ። ጸጥ ያለ ነው። ቂም የለም” አሉኝ።

ሁላችንም ወደ ባንተአምላክ ዞርን። “ጣት አለ?” አሉት አባባ አጓ።

ባንተአምላክ አገጩን ያዘ። ሰማይ አየ። “እስኪ... ላስብበት” አለ።

ቀለደ! ኤልደር ባንተአምላክ! እማማ አጅዋንግ ድንጋይ አነሣችበት።

“የለም፣ የለም! ሙሉ በሙሉ ገብተዋል!”

ማታ ደብዳቤውን ለመጻፍ ቁጭ አልኩ። ባንተአምላክ ፊደሌን እያረመልኝ ነው። ጀመርኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጀመርኩ... ትልቅ ነገር አስመስዬ ልጽፈው ብል አልጻፍ አለኝ። ነገሩስ ምን ያህል ነው? አንድ ልጅ ዋሸ፤ አንድ ሽማግሌ ወንዝ ገባ፣ ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው።