ሦስት ቤት

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ደግሞ ወደቀ። ሰርቨሩ ማለቴ ነው፤ እኔ እንኳ እስካሁን ቆሜያለሁ። ጠዋት ቢሮ ስገባ (ቢሮ የምንላት ከሲሚንቶ መሸጫው በላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ነው) አንዷለም ጋቢውን ተከናንቦ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

"ማን ገደለው?" አልኩት።

"አክስቴ።"

እትዬ ዘውዴ አንድ አልበም ሙሉ በአንዴ ሊጭኑ ሞክረው ነው። ሳቅን። በደብረ ታቦር ብርድ ሳቅም ማሞቂያ ነው።

የቤቱ አከራይ ዛሬም "እናንተ ልጆች ግን ምንድነው የምትሠሩት?" አሉኝ። ዛሬም ተንተባተብኩ። ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ልበል፦ በየቤቱ፣ እናቶቻችን ሳጥን ውስጥ፣ የድሮ ፎቶ አለ። ፎቶውን በስልክ አንስተው እኛ በሠራነው መተግበሪያ፣ "ሳጥናችን" ላይ ይጭኑታል። የሚያውቅ ሰው ከሥሩ "ይሄ እገሌ ነው፣ የእገሌ ልጅ" ብሎ ይጽፋል። እኛ አንብበን ስናጸድቀው ይወጣል። አለቀ። (ማጽደቁ የመጣው በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ በሰው አያት ፎቶ ሥር "ይሄማ በሬያችንን የነዳው ነው" ብሎ ስለጻፈ ነው። ሁለት ቤተሰብ ሊጋደልብን ነበር።)

ወጣቱ አልመጣልንም። ወጣቱ የራሱን ፊት የሚያነጣለት የውጭ መተግበሪያ አለው፤ የአያቱን ፊት ምን ሊያደርገው። የመጡልን አክስቶችና ጡረተኞች ናቸው። ከሁሉም በላይ እትዬ ዘውዴ፤ የአንዷለም እናት እህት፣ እብናት ተወልደው ባሕር ዳር ሲያስተምሩ የኖሩ። የማያውቁት ሰው የለም። ካላወቁም ጠይቀው ያውቃሉ።

ሊደግፉን የሚያስቡት የአዲስ አበባ ሰዎች ሐሙስ በቪዲዮ ያነጋግሩናል። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በሳጥናችን የተገናኙበት እውነተኛ ታሪክ። የለንም።

እሁድ ሽማግሌ ይላካል። አባዬ ዘንድ። አንዷለም ለእኔ። ደብተሩን ያወጣሁት ይቺን ለመጻፍ ብቻ ነበር፤ ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

እማዬ ደወለች። ጠላ ጠምቃለች፤ ለአባዬ "የማኅበር ነው" ብላዋለች። ስለ እሁድ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የአንዷለምን ዘር በአባቱ በኩል ቆጥራ ጨርሳለች፤ እስከ ሰባት ቤት ከእኛ ጋር አይነካካም። በእናቱ በኩል ግን ከእናቱ አባት በላይ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም፤ ሰውየው ልጆቹ ሳያድጉ ነው የሞተው። "የቀረውን ሽማግሎቹ ይቁጠሩት። ሰባት ቤት ሳይሞላማ አባትሽ በሩን አይከፍትም" አለችኝ።

ለሐሙስ ታሪክ ከሌለን ቢያንስ ጥሩ ፎቶ ይኑረን ብዬ ከአባዬ ሳጥን ያነሣሁትን አንድ ጫንኩ። አያቴ ደስታ ቆሟል። እናቱ እማሆይ ትሁን ቆባቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። በሌላ ጎናቸው አንድ ረጅም ሰው እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጓል። ማን እንደሆነ አባዬም አያውቅም፤ "የአባቴ ጓደኛ ይሆናል" ነው የሚለው። የራሳችንን እያወጣን እንዳይመስል በእኔ ስም ሳይሆን በሳጥናችን ስም ጫንኩት። አንዷለም ከሥሩ "ይህን ሰው የሚያውቅ?" ብሎ ጻፈበት።

"ቁመቱስ ያንተው ነው፤ ጆሮው ግን ያንተን አያክልም" አልኩት። ቆሎ ወረወረብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከተማው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆኗል። ደግ ነው፤ ዓይኔ ለምን እንደቀላ የጠየቀኝ የለም።

መጽደቅ ከሚጠብቁት ጽሑፎች መካከል የእትዬ ዘውዴ ነበረበት። እንዳለ ልገልብጠው፦

"ልጆቼ፣ እጁን እናቱ ትከሻ ላይ ያደረገው አባቴ ወርቁ ነው። ሲሞት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድም ፎቶ አልቀረልንምና መልኩ ከዓይኔ ጠፍቶ ነበር፤ ዛሬ ሳየው አወቅሁት። እናቱ ሕፃን ሳለ እብናት ትተውት ጉና ሄደው ሌላ ባል አግብተዋል። ኋላ መነኮሱ። አባቴ አንድ ጊዜ ሊጠይቃቸው ሄዶ 'ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፎቶ ተነሣሁ' ብሎ ነግሮናል። ይኸው ነው ፎቶው። ባለፎቶው ዘመዴ ነው። ማን እንደሆነ ንገሩኝ።"

ጉና ያገቡት ሌላ ባል የአያቴ አባት ነው።

በጣቴ ቆጠርኩ። ከእማሆይ ትሁን አንድ፦ የእኔ አያትና የእሱ አያት። ሁለት፦ አባቴና እናቱ። ሦስት፦ እኔና እሱ። ሦስት ቤት። ከአውራ ጣት ጀምሬም ቆጠርኩ፣ ከትንሿም ጀምሬ ቆጠርኩ።

አንዷለም ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ መጣ። "ምን ሆንሽ?" ስክሪኑን አዞርኩለት። አንብቦ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያለው ነገር ይሄ ነው፦

"አላጸደቅሽውም አይደል?"

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

የአዲስ አበባዋ ሴትዮ ጥርት ባለ ስክሪን ውስጥ ሆና "ልብ የሚነካ ነገር ያስፈልገናል" አለች። አንዷለም "በሒደት ላይ ነው" አላት። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ከዚያ መብራት ሄደ። በሕይወቴ መብራት በመሄዱ ያመሰገንኩት ዛሬ ብቻ ነው።

ተጣላን። ልክ እንዳለው ልጻፈው፤ በኋላ አሳምሬ እንዳላስታውሰው። "የሚያውቀው ማነው? አንችና እኔ። አክስቴ ባለፎቶውን አታውቅም። እናጥፋውና አዲስ አበባ እንግባ። እዚያ ዘር የሚቆጥር የለም፤ ሰው ጎረቤቱን እንኳ አያውቅም።"

"እኔ እቆጥራለሁ" አልኩት።

"አንችማ ሒሳብ ትወጃለሽ።"

ግን እውነቱን ልናገር፤ ደብተሩን ለማንም አላሳየውም። እኔም ትናንት ማጥፊያው ላይ ጣቴን አድርጌ ቆይቻለሁ። አንዲት ነካ ማድረግ ናት። አሠራሯን የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም።

እየተጨቃጨቅን እትዬ ዘውዴ ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ጽሑፌ የት ገባ አንተ?"

"ሲስተሙ ተበላሽቶ ነው፣ እትዬ።"

"ሲስተም ሲስተም ትላላችሁ! እኛ ጠመኔ ሲያልቅብን በከሰል ጽፈን እናስተምር ነበር። ባለፎቶው ማነው?"

"አይታወቅም። ስሙን አልጻፈም።"

ከዚያ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። "ፈልግልኝ የኔ ልጅ። ፎቶውን ስልኬ ላይ ሳተልቀው ፊቱ ይበተናል፤ ሳሳንሰው ዓይኔ አይደርስበትም። ባለቤቱ ዋናው ይኖረዋል። አንዴ በእጄ ልያዘው፣ ሌላ አልፈልግም።"

ስልኩ ሲዘጋ አንዷለም ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ጭንቅላቱን ልነካው እጄን ዘረጋሁ። መለስኩት። እስከ ትናንት እጄን አስቤበት አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ቢሮ አልሄድኩም። ገበያው ዳር ከሰው መሐል ቆምኩ፤ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ብሆን እንደማላደርገው አውቃለሁ።

ሲያመላልሰኝ ያደረው፦
— ሦስት ቤት ነው፣ ሁለት አይደለም።
— ሦስትም ቢሆን ሰባት አልሞላም።
— ለእማዬ ምን እላለሁ?
— የሰው አባት ደብቄ የምሠራው ትዳር ምን ዓይነት ነው?
— ማን ያይብናል?
— እኔ። ልጅ ብወልድና ረጅም ቢሆን፣ ባየሁት ቁጥር።

ደወልኩለት። "ላጸድቀው ነው" አልኩት። የሲሚንቶው መኪና ሲራገፍ ይሰማኛል፤ ቢሮ ነው ያለው። "እኔን አትጠይቂኝ፣ ሰርኬ። ከጠየቅሽኝ አይሆንም ነው የምልሽ።"

ስለዚህ አልጠየቅሁትም። አጸደቅሁት። ከሥሩም ጻፍኩ፦ "ፎቶው ከአባቴ ከታከለ ደስታ ሳጥን የወጣ ነው። የሚኖረው ከክምር ድንጋይ በላይ፣ ጉና ሥር ነው። እትዬ ዘውዴ፣ የአጎትዎ ልጅ ነው። ይምጡ።"

ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት "ስልክሽን ተሰረቅሽ እንዴ፣ እቴ?" አለችኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ለእማዬ በስልክ አልነገርኳትም። በመጀመሪያው መኪና ወጥቼ ጓሮ ወስጄ ነገርኳት። አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እሷም በጣቷ ቆጠረች።

አባዬ ግን ሲሰማ! ከድንች ማሳው እጁን ሳይታጠብ መጣ። "አባቴ ወንድም ነበረው? ወንድም ነበረው ነው የምትይኝ?" ከዚያ ጎረቤት ጠርቶ ደገመው። ከዚያ ለቄሱ ደገመው።

እትዬ ዘውዴ ረፋዱ ላይ ደረሱ። አንዷለምን "ይዘኸኝ ሂድ" ብለውት፣ እንቢ የሚልበት ምክንያት መናገር አልቻለ፣ ይዟቸው መጣ። አባዬና እሳቸው አጥሩ ሥር ተቃቀፉ። እሳቸው "አባቴን! አባቴን!" ይላሉ፤ እሱ "እህቴ፣ እህቴ" ይላል። ፎቶውን ከሳጥን አውጥቶ ሰጣቸው። በቀሚሳቸው ጠርዝ አበሱት፤ አልቆሸሸም ነበር። ከፀሐይ ጋርደው፣ አስጠግተው፣ አርቀው አዩት። መንደሩ በሙሉ አለቀሰ።

አባዬ የዘወትር ቀልዱ "የፎቶ ወሬሽ መቼ ነው እህል የሚሆነው?" ነበር። ዛሬ በሰው ፊት "ልጄ ዘመድ የሚያወጣ ነገር ሠርታለች" አለ። ይህን ሲለኝ ለመስማት ስንት ዘመን ፈልጌ ነበር።

ከዚያ አንዷለምን አየው። በሩ ጋ፣ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ውስጥ አልተራመደም፤ ከተነገረው በላይ የሚያውቅ ሰው አቋቋም።

"አንተ የእህቴ ልጅ፣ ግባ እንጂ! ሰርካለም፣ ምን ያስቆምሻል? ወንድምሽ አይደለም እንዴ? ሳሚው!"

ሳምኩት። ጉንጩ የመንገድ ብርድ ይዟል። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሹን ያዘ።

ጠላው ለእንግዳ ተቀዳ። ማድቤት ገብቼ ጣሳ ስፈልግ እማዬ ከኋላዬ መጣች። "ማልቀስ ከፈለግሽ አሁን አልቅሽ" አለችኝ። "ሁሉም እያለቀሰ ነው፤ የሚለይሽ የለም።"

አለቀስኩ። አንዲት የጎረቤት ሴት "ደስታ ነው፣ አልቅሽ ልጄ" ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 16

ማንም አልመጣም። ጠዋት ውሻው በጮኸ ቁጥር ግን ተነሣሁ።

አንዷለም ለሽማግሎቹ "ተራዝሟል" ብሏቸዋል አሉ። ቃሉን ጠላሁት። የሚራዘም ነገር ቀን አለው።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ቢሮ ገባሁ። እሱ የለም። ጋቢው ወንበሩ ላይ ነው።

ፎቶውን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው፤ ከእስቴም ከሐሙሲትም አዲስ ሰው ገብቷል፣ "እስኪ የእኛንም እዩልን" እያለ ሳጥኑን ያራግፋል። ሰርቨሩ አልወደቀም። የአዲስ አበባዋ ሴትዮ ጻፈች፦ "ታሪኩን አየነው፤ አለቀስን፤ እንቀጥል።" ባለፈው ሰኞ ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ቆሜ እጨፍር ነበር። "እናመሰግናለን፣ ጥቂት ቀን ስጡን" ብዬ መለስኩ። ሥራውን ልተወው አልችልም። ከእሱ ጋር ልሥራውም አልችልም። ሦስተኛ መንገድ ካለ ገና አላገኘሁትም።

እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘውዴ ቁጭ ብለው ሳጥናችን ላይ ባለው የዝምድና መዝገብ የዘመዱን ሁሉ ዝምድና እያስገቡ ነው። ለእኔ የመጣው፦ "አንዷለም ወንድምሽ እንደሆነ ተመዝግቧል። ትቀበያለሽ?"

ይህን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ክረምት ላይ። እሱ "ትቀበያለሽ ሲል ሠርግ ሠርግ ይላል፣ ሌላ ቃል ፈልጊ" ብሎኝ ነበር። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

"አዎ" የሚለውን ነካሁ።

ሁለቱም ወገን ካልተቀበለ አይወጣም። በእሱ በኩል "በመጠበቅ ላይ" ይላል። ስልኩን ደፍቼ ሥራ ለመሥራት ሞከርኩ። ከአንድ የእስቴ ቤተሰብ የመጣ የሠርግ ፎቶ አጸደቅሁ። ስልኩን ገልብጬ አየሁት። በመጠበቅ ላይ።

ልደውልለት፣ "ተቀበለው፣ አክስትህ ይጠብቃሉ" ልለው ይገባ ነበር። አልደወልኩም።

ይቆይ። ዛሬን እንኳ ይቆይ።