ሳይፈርሙ ያለፉት እትዬ ኖራ

የቤተሰቡ የበኩር ልጅ፣ የቤተ ሙከራው «እትዬ ኖራ»፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነበር፤ ግማሹን የእናታቸው የስፌት መኪና፣ ግማሹን የአባታቸው የኖራ ባልዲዎች ይዘውት ስለነበር ንባብ የተማሩት በር ላይ ቆመው ነው። በትምህርት ቤት ውጤታቸው ዘወትር አንደኛ ሲሆን፣ ጸባያቸው ግን እንደ አስተማሪው ይለያይ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. በሕክምና ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከሙዚቃ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

የእትዬ የዕድሜ ልክ ጥያቄ አንድ ነበር፦ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ መርዙን የሚረጭበትን ሰዓት በምን ያውቃል? መልሳቸው «በካልሲየም» የሚል ነበር። ከሰው ሕዋስ ውጭ ካልሲየም ሞልቷል፤ ውስጡ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ባክቴሪያው ካልሲየሙ ሲጎድልበት መድረሱን ያውቃል፤ ያኔ መሣሪያውን ይመዛል። «ሌባም ጓዳ መግባቱን በጨለማው ያውቃል» ይሉ ነበር።

ይህንኑ በ1976 ዓ.ም. ጽፈው አሳተሙ። የክፍሉ ኃላፊ ሙከራውን በራሳቸው እጅ ደገሙት፤ ባክቴሪያው ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው፣ ዛሬም በዚህ ሽኝት ላይ ከፊት ወንበር እንደሚቀመጡ ተስፋ እናደርጋለን፣ ጽሑፉ ስሕተት ነው የሚል ወረቀት አዘጋጅተው «አንቺ ልጅ፣ ግትርነት ሳይንስ አይደለም። ፈርሚና ይለቅልሽ» አሏቸው። እትዬም «እርስዎ እጅ ላይ እምቢ ያለው እኔ እጅ ላይ ለምን እሺ እንዳለ ሳይጠየቅ አልፈርምም» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጠረጴዛቸው ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚከማችበት ክፍል ተገኘ። ባልደረቦቻቸው «ኖራ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ያን ጊዜ ነው፤ ኖራ ዋናው ነገሩ ካልሲየም ነውና፣ የግንበኛ ልጅ በየሄደችበት ኖራ ቢታያት ምን ይገርማል ለማለት። እትዬ ስሙን ወደዱትና በራቸው ላይ ጻፉት። የሚሳቅባቸው ሌላም ነገር ነበር፤ የሙከራ ጠርሙሶቻቸውን ለማንም አያሳጥቡም። ራሳቸው አጥበው በመጨረሻ በተጣራ ውሃ ያለቀልቁ ነበር። አባታቸው ባልዲያቸውን ለሰው አሳልፈው አይሰጡም ነበርና የወረሱት አመል ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

በ1981 ዓ.ም. አንድ እሑድ ባለቤታቸው «ሴትዮ፣ ድንጋይ እኮ ነው የምታጠጪኝ» ብለው ስለ ሻዩ አማረሩ። እትዬ የማንቆርቆሪያውን ሥር ቢፍቁት የቧንቧው ውሃ የጋገረው ነጭ ቅርፊት ተነሣ። በዚያ ቀን ሻይ የጠጣ የለም።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገብተው «ጠርሙሶችዎን በምን ያለቀልቃሉ?» አሉ።

«በቧንቧ ነዋ፣ በምን ላለቅልቅ?»

ለካ የቧንቧው ውሃ በየጠርሙሱ ስስ ካልሲየም ጥሎ ይሄድ ኖሯል፤ ባክቴሪያውም «ገና ደጅ ነኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሙከራው በተጣራ ውሃ በታጠበ ጠርሙስ ተደገመ፤ በኃላፊውም እጅ ሠራ። ኃላፊው ይቅርታ አልጠየቁም፤ «ዕድለኛ ነሽ» አሉ። እትዬም ፈቃድ አልጠበቁም፤ ባለቤታቸውን ጠርተው ጠረጴዛቸውን በደረጃው ሽቅብ አወጡት። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ የነቀነቃቸው የለም።

ባለፈው ወር ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ታመሙ። ስሙን ሐኪሙን ጠይቀው ሲነገራቸው «የእኔ አይደለም፤ የእኔ ሥርዓት ያውቃል» አሉ። ኃላፊው ሆስፒታል ድረስ መጥተው «እንግዲህ ይቅር ተባባልን ይባል» ቢሏቸው፣ «መቼ ጠየቁኝ?» ብለው መለሱ። ኃላፊው ለመጠየቅ ጥቂት ጊዜ ፈለጉ፤ እትዬ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ።

«ከሰው ሁሉ ጋር ተግባብተው ኖሩ» ተብሎ እንዳይጻፍ አደራ ብለዋል፤ አልጻፍንም።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ታናሽ ወንድማቸው አሉ፤ በተቋሙ ማቀዝቀዣም ባክቴሪያዎቻቸው አሉ። ያ ወረቀትም አለ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያስፈርም ያስገባልን።