ሁለተኛው ጠርሙስ

ውድ ወንድሜ ሮላንድ፣

ወታደሮቹ ዛሬ ከቀትር በኋላ አንዱን ጠርሙስ ከወጥ ቤታችን መስኮት ላይ አንስተው፣ ውሃ በሞላ ባልዲ ይዘውት ሄዱ። ሁለተኛው አልተገኘም።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህ ግዌንስ? ልጆቹስ? በእናንተ በኩል ብርዱ አለፈ? እኔና አባባ በጤና አለን። የምጽፍልህ ግን ከሰበካው አዳራሽ ሆኜ ነው፤ መንገዳችን በገመድ ተዘግቷል።

የአባባን ልማድ ታውቃለህ። ብረት መፈለጊያቸውን ይዘው ማሳ ከገቡ፣ የድሮ ሳንቲምም ይሁን የዛገ ሚስማር፣ ያወጡትን ሁሉ ይዘው ይመለሳሉ። "የሰው መሬት ላይ ቆሻሻ የሚተው ዳግመኛ አይጠራም" ይሉን የለ? ባለፈው ሳምንት ከሚስተር ታርንሊ ድንች ማሳ ዳር መሣሪያው ሲጮህ ቆፈሩና በቆርቆሮ ክዳን የታሸጉ ሁለት ጠርሙሶች አገኙ። የድሮ ቢራ መስሏቸው ሁለቱንም ይዘው መጡ፤ አንዱን አጥበው መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አቆሙት።

ትናንት ጎረቤታችን አይቨር አካፋ ሊዋስ መጣ። "ኧርነስት፣ ዛሬስ ዘውድ አገኘህ ወይስ እንደ ወትሮህ የሰርዲን ቆርቆሮ?" እያለ ገባና መስኮቱን ሲያይ ወደ በሩ አፈገፈገ። በጦርነቱ ጊዜ የመንደሩ ዘብ ነበር። ለካ ጀርመን ከመጣ ሊወረውሩት እሱና ጓዶቹ የቀበሩት የእሳት ጠርሙስ ኖሯል፤ ጠርሙሱ ተሰንጥቆ አየር ከነካው ያለ ክብሪት ይነድዳል። "ማርዠሪ፣ አባትሽን ያዢና ቀስ ብለሽ ውጪ" አለኝና ለፖሊስ ሊደውል ሄደ፤ ፖሊስም ወታደሮቹን ጠራ።

ወታደሮቹን የሚመራው ሃምሳ አለቃ ሁለተኛው ጠርሙስ የት እንዳለ አባባን ጠየቃቸው። "ደህና ቦታ አኑሬዋለሁ" አሉት። "የት?" ሲላቸው "ደህና ቦታ ከሆነ ምን አስጨነቀህ ልጄ?" ብለው መለሱለት። ወታደሮቹ ሳቁ። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁት፤ ረስተውታል። መነጽራቸውን ዳቦ ሣጥን ውስጥ እንዳገኘሁት ጽፌልህ አልነበር?

ቤቱ ተፈትሾ ምንም አልተገኘም። የቀረው የጓሮው ዕቃ ቤት ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ብረትና ጠርሙስ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ አንዱ ቢንሸራተት ይበቃል። ሃምሳ አለቃው "ልጆቼን እዚያ ከማስገባ እንዳለ ባቃጥለው ይሻለኛል" ይላል። አባባ መጀመሪያ ያገኟትና ለእማማ የሰጧት የብር ሳንቲም ግን እዚያ ናት፤ "ጠርሙሱን እኔው ገብቼ አወጣዋለሁ" ብለው ቁልፉን አልሰጥም አሉ። ወደ አዳራሹ በር ባዩ ቁጥር ክንዳቸውን እይዛለሁ። ኮታቸውንም አላወለቁ።

ግዌንን ሳምልኝ። ለሩፐርት አያቱ ያስቀመጡለት የሮማ ሳንቲም ከእኔ ቦርሳ ውስጥ ስለሆነ ተርፏል በለው። ትንሿን ፊሊፓን ግንባሯን ሳምልኝ። አይቨርም ሰላም ይልሃል።

ዕቃ ቤቱ ይቃጠል ወይስ ይፈተሽ የሚለው ከነገ ወዲያ፣ ዓርብ ጠዋት ይቆረጣል። እስከዚያ ወንበሬን በአባባና በአዳራሹ በር መካከል አድርጌ ተቀምጫለሁ።

እህትህ ማርዠሪ
ሶርንዊክ፣ ኖርፎክ
ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1986