«አዲስ ሊባል የሚችለውን» ሚኒባስ ለሻጩ ስለመመለስ

ለተከበሩ አቶ አብዱናስር
ከወለድ ነፃ የተሽከርካሪ ፋይናንስ ተቋም የጭሮ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ጭሮ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን እና የዚያን ከወዲያ ወዲህ የሚሽከረከር ወንበርዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አላህ ጤናዎን ከሸጡልኝ ሚኒባስ ሞተር የጸና፣ ዕድሜዎንም ከባትሪው የረዘመ ያድርግልዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በእግር መሄዱን ስለለመድነው ሰውነታችን ቀለል ብሎናል፤ ለዚህም ባለውለታችን እርስዎ ነዎት።

የተቋሙን ሙሉ ስም ከአድራሻው ላይ ያስቀረሁት የሕግ ክፍላችሁ ስማችንን በአደባባይ እንዳታነሺ ብሎ ስላስጠነቀቀኝ ነው። ትእዛዙን አክብሬያለሁ። ማንን ማለቴ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ መናኸሪያው በር ላይ የቆመውን ማንኛውንም ባጃጅ ነጂ ይጠይቅ።

ብዙ ደንበኛ ስላለዎት ባያስታውሱኝ አይፈረድብዎትም። ሉባባ እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ መህዲ ከጭሮ መቻራ የሰው መኪና ሲነዳ ዕድሜውን ፈጅቶ፣ አንድ ቀን የራሳችንን እንያዝ ብለን ወደ እርስዎ መጣን። ለመያዣ የሚሆን ነገር ስላልነበረን እናቴ አዴ ኡሙልኸይር የምትኖርበትን ቤት ካርታ ከሳጥኗ አውጥታ ሰጠችን። ያ ካርታ ዛሬ በእርስዎ ካዝና ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ስለዚያ ቤት ብዬ ነው እንጂ ከመኪናው ጋር የቀረ ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም።

ወለድ እንደማንነካ ስንነግርዎ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዎ ያስረዱንን መቼም አልረሳውም። ተቋማችሁ ብድር የሚባል ነገር እንደማያውቅ፣ ሙራባሃ ማለት መኪናውን እናንተ በገንዘባችሁ ገዝታችሁ፣ ትርፋችሁን በግልጽ ነግራችሁ፣ ለእኛ በዱቤ የምትሸጡበት ሐላል ንግድ እንደሆነ ነገሩን። ከዚያም የሰፈራችን ሼህ ሙከሚል በተገኙበት የባለቤቴን እጅ ጨብጠው ሸጥኩላችሁ አሉ፣ እኛም ገዛን አልን፣ ሼሁም ዱዓ አደረጉ። ያን ቀን በቢሮዎ ውስጥ አንድ ሻጭ ነበረ፤ እሱም እርስዎ ነበሩ። ይህችን ነገር እባክዎ ይያዙልኝ።

እርስዎን በመሰለ ሰው ላይ ቅሬታ አለኝ ማለት ስለሚከብድ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. መኪናውን በተመለከተ። «ዜሮ ዜሮ ባይሆንም አዲስ ሊባል የሚችል ነው» ብለውን ነበር። ልክ ነዎት። ቀለሙ አዲስ ነበር፣ የወንበር ልብሱም አዲስ ነበር፣ በየሳምንቱ የሚያመጣው በሽታም ከዚያ በፊት በማንም መኪና ላይ ታይቶ የማይታወቅ አዲስ ነበር። ገና በመጀመሪያው ጉዞ ከመቻራ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ አፈላ። ራዲያተሩ ሲታከም ሞተሪኖው አልነሳም አለ፤ ሞተሪኖው ሲቀየር ካምቢዮው የሰጡትን ማርሽ ይተፋ ጀመር። መካኒካችን ጉግሳ በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ካየ በኋላ መልሶ ዘጋው፣ ሒሳብም አልቀበልም አለን። መካኒክ ሒሳብ አልፈልግም ሲል ምን ማለት እንደሆነ መኪና ይዞ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

የተሳፋሪውን ትብብር ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ውለታ ቢስ እባላለሁ። የመቻራ ሰው ቡናውን በጆንያ ጭኖ ይሳፈርና፣ ዳገቱ ሲቃረብ ማንም ሳያዘው ወርዶ ከኋላ ይሰለፋል። መኪናውንም «ዺቢ» ብለው ሰየሙት፤ በኦሮምኛ ግፋ ማለት ነው። ሰርካ የምትባል ነጋዴ ሙሉ ታሪፍ ከፍላ ግማሹን መንገድ ስትገፋ ከዋለች በኋላ፣ በሚቀጥለው ጉዞ እኔ ልንዳና አንተ ግፋ ብላ ለባለቤቴ ነገረችው፤ ሰዉም ሁሉ ሳቀ። መህዲ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው። የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም። አሁን መናኸሪያ ውስጥ ተራችን ሲደርስ ተሳፋሪው የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ እያለ ወደ ጥላው ይመለሳል።

2. ዋስትናችሁን በተመለከተ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ከጅቡ ጋር አብሮ የሚበላ ባል እንዳለ ግን ያወቅሁት ከእናንተ ነው። ብልሽቱን ላመለክት ስመጣ በክብር አስቀምጠው ሻይ አዘዙልኝ፤ ከዚያም እኛ ገንዘብ አቅራቢ ብቻ ነን፣ መኪናውን ያስመጣውን ነጋዴ አዲስ አበባ ሄደሽ ጠይቂ አሉኝ። ሄድኩ። ነጋዴው የሸጠው ለተቋማችሁ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ፣ እኔን በዓይኑ አይቶኝ እንደማያውቅ ነገረኝ። እውነቱን ነው። ተመልሼ ይህንኑ ስነግርዎ ሁለተኛ ሻይ አዘዙልኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ መምህር ብሆንም መማር እወዳለሁና አንድ ነገር ያስተምሩኝ። ትርፍ ሲቆጠር ሻጭ፣ ጉድለት ሲወጣ አበዳሪ የሚሆን ሰው በየትኛው ኪታብ ነው የተጻፈው? አበዳሪ ከሆናችሁ ያ ትርፍ ያላችሁት ወለድ ነው፤ ስሙን ቀይራችሁ፣ በሼህ ፊት ዱዓ አስደርጋችሁ አበላችሁን ማለት ነው። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ዕቃችሁን ተረከቡ። ቦኬ ገበያ ላይ በሬ የሸጠ ሰው፣ በሬው ቀንበር ሲያይ የሚተኛ ሆኖ ከተገኘ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ በሬውን ይመልሳል። እኔም ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት ቢል የሚሰማው የለም፤ ያንተን ሻጭ አንተ ፈልግ ይባላል። ያ ሰው ቢሮ የለውም፣ ከረባት አያስርም፣ ስለ ሐላል ንግድም ሥልጠና አልሰጠም። ግን ማፈር ያውቃል።

3. የሸሪዓ ኮሚቴያችሁን በተመለከተ። ጉዳይሽን ለኮሚቴው አቅርቤዋለሁ፣ እንደተሰበሰበ እንነግርሻለን ብለውኛል። ኮሚቴውን በአካል ያየ ሰው ጭሮ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ ካልሆነ በስተቀር፣ አንድ አባሉን እንኳ ሰላም ለማለት ያብቃኝ።

4. ወደ እናቴ ቤት የላኳቸውን እንግዶች በተመለከተ። ቆሞ የሚውል መኪና ክፍያ አያመጣም፤ ክፍያውም ዘገየ። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሠራተኞችዎ ቤቱን ለሐራጅ ሊገምቱ ሜትር ይዘው መጡ። እናቴ አማርኛ አትሰማም። ሰው የመጣላት መስሏት ምንጣፍ አነጠፈች፣ ወተት አቀረበች፣ እነሱም ጠጡላት። ከጠጡ በኋላ ከተቀመጠችበት አስነስተው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩ። ምን እየሠሩ ነው ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ።

በክፍል ውስጥ የሰው ልጅ ቃሉን በትክክል እንዲያስቀምጥ ሳስተምር የኖርኩት ሴት፣ ጣሪያው አርጅቷል ብለው ሊያድሱልሽ ነው አልኳት። ማን ላካቸው ስትለኝ ስምዎን ነገርኳት። እጇን ዘርግታ፣ ሠራተኞችዎ ፊት፣ አላህ ከክፉ ይጠብቀው፣ ልጆቹን ያሳድግለት ብላ በስምዎ ዱዓ አደረገችልዎ። ሠራተኞችዎ ኦሮምኛ ይሰማሉ። አንደኛው አቀርቅሮ ወጣ፤ ሌላኛው ኮርኒሱን ቀና ብሎ እያየ አሚን አለ። አቶ አብዱናስር፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ። ንቄዎታለሁ። ቤቷን ልትሸጡባት በመጣችሁበት ቀን አስመረቃችኋት፤ እኔንም በእናቴ ፊት ውሸታም አደረጋችሁኝ።

ወደ ትሕትናዬ ልመለስ። ራስዎ ባስተማሩን ንግድ ደንብ መሠረት፣ ጉድለቱ ያልተነገረበት ዕቃ ለሻጩ ይመለሳል። በዚሁ መሠረት ዛሬ ጧት፣ ሼህ ሙከሚልና የሰፈሩ ሽማግሌዎች በምስክርነት ባሉበት፣ ሚኒባሱን ወደ ቅርንጫፍዎ አምጥተን ቁልፉን ለጥበቃዎ አስረክበናል። ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልን ልናውክዎ አልደፈርንም። እስከ ዛሬ የከፈልነውን በመኪናው ተቀምጠን ለተጓዝንባት ለዚያች አጭር መንገድ ኪራይ አድርገው ይያዙት፤ አንጠይቅዎትም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእናቴን ካርታ ይመልሱልኝ።

ስለ ሁለቱ ሻይ፣ ስለ ለሰለሰው ድምፅዎ፣ ባለቤቴን ከሹፌርነት ወደ ገፊነት ስላሳደጉልኝ፣ ለከተማችንም ወለድን ያለ ወለድ የመብላት ጥበብ ስላስተዋወቁ ያለኝን ምስጋና ቃላት አይበቁትም። መኪናው ሥር ስንገባ ስንወጣ ዝቅ ማለቱን ስለለመድነው፣ አሁንም በዚያው መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከሸጡልኝ ዕቃ በስተቀር ምንም ነገር ያልመለሰችልዎ፣
አክባሪዎ ሉባባ
ጭሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ልለጥፍ ስወጣ፣ መኪናውን እንዲመረምር እርስዎ የላኩት የተቋማችሁ ባለሙያ ውጤቱን በስልክ ነገረኝ። ሚኒባሱ አንዳች ብልሽት እንደሌለበት፣ በማንኛውም ሰዓት ለጉዞ ዝግጁ እንደሆነ አረጋግጧል። እንኳን ደስ አለዎት። ዜናው በተለይ ለእርስዎ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ጧት ገፍተን ያቆምነው ከግቢዎ መውጫ በር መሀል ላይ ሲሆን፣ የእርስዎ መኪና ደግሞ ከውስጥ ቀርቷል። ጥበቃዎችዎ እንዲገፉት እንዳያዟቸው አደራ፤ ጤነኛ መኪና አይገፋም። ቁልፉን ይቀበሉና ራስዎ ያስነሱት። ሽማግሌዎቹ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ከተነሳ ተሸንፌያለሁ፣ ዕዳዬን እከፍላለሁ። ካልተነሳ ግን ካርታውን ይያዙና በእግርዎ ይምጡ፤ እናቴ ቤት ሩቅ አይደለም።