በግብረ ገብ ዘጠና ሰባት፣ በጠባይ «ዲ»

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በሰርቦ ገበያ ቅመም የምሸጠው አሚራ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎ የነበረችው ልጄ ፊርዶስ ግን ደህና አይደለችም። በአደባባይ መጻፌም ቢሮዎ አራት ጊዜ ተመላልሼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነው። ስብሰባው ስለ ሥነ ምግባር እንደነበረ ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

1. ልጄን እውነት መናገር ስላስተማራችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ካርዷ ላይ በግብረ ገብ ዘጠና ሰባት አምጥታለች። ሦስቱን በምን እንደሳተች አላውቅም፤ ምናልባት መቼ ዝም እንደሚባል የሚጠይቀው ጥያቄ ይሆናል።

2. በሒሳብ ፈተና ቀን የትምህርት ቤቱ ውጤት ከፍ እንዲል መልሱን ሰሌዳ ላይ ለጻፉት መምህር ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ከወረዳ የመጡት ሱፐርቫይዘር ፈተናው እንዴት እንደነበረ ሲጠይቁ ክፍሉ በሙሉ ጥሩ ነው ሲል፣ የእኔ ጅል ብድግ ብላ መልሱ እሳቸው ሲመጡ በዳስተር እንደጠፋ ተናገረች። ማሎ፣ ይቅር በሏት፤ ያስተማራችኋትን የምር ይዛው ነው።

3. በዚያው ካርድ «ጠባይ» በሚለው ቦታ «ዲ» ስለሰጣችኋት፣ ጓደኞቿ «ሰላይ» ሲሏትም እየሰማችሁ እንዳልሰማ ስላለፋችሁ... ወላሂ፣ እዚህ ላይ ምስጋናው አቃተኝ። ሰሌዳውን ሳታይ ሒሳቡን ራሷ ሠርታ ያለፈች ልጅ እኮ ናት! መምህርት እሆናለሁ ትል ነበር። ይኸው ትምህርት ቤት ከቀረች ሦስት ሳምንቷ፤ አጠገቤ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ታለቅሻለሽ ወይ ስላት በርበሬው ነው ትለኛለች። አንጀቴ አርሯል፣ ጋሼ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካርዱን ማስተካከል ቢከብድዎ እንኳ፣ ከስብሰባ ሲወጡ ጎራ ብለው ልክ ነበርሽ ይበሏት። እኔ ብላት አታምነኝም፤ እናት ስለሆንሽ ነው ትለኛለች።

በግቢዎ በር ላይ እንዳሰቀሉት የሥነ ምግባር ባነር ከፍ ብለው እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አሚራ ሸኩር፣ የባለ «ዲ»ዋ እናት
ሰርቦ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከጅማ ስንመለስ ፊርዶስ ሚኒባስ ውስጥ የወደቀ ስልክ አገኘች። ድሮ ቢሆን እኔን ሳትጠይቅ ለሾፌሩ ትሰጠው ነበር። ትናንት ግን በእጇ ይዛው ዓይን ዓይኔን አየችኝና፣ «እማ፣ ብመልሰው ምን ያደርጉኛል?» አለችኝ።