የሊያ ሊፍት

ሰኞ፣ ጃን. 12፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ባተርሲ፣ ለንደን። የልምምድ ክፍሉ ዛሬም ብርድ ነው፤ ማሞቂያውን ሪፖርት ካደረግኩ ሳምንት አለፈ። ሊያ ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር አራት ማዕዘን ትሠራለች። ሊፍት ነው ትላለች። ልጆች ከነቤተሰባቸው ውስጡ ይቀመጣሉ። አርባ ደቂቃ፣ በሁለት ፎቅ መካከል ተቀርቅረው።

የእኔ ሥራ ማገዝ ነው። ለቤተሰብ የሚሆን ቴአትር የሚሠሩ ጀማሪዎችን፣ አንድ በአንድ፣ ለሦስት ለሦስት ወር። የአሁኗ ሊያ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ። ስቶክዌል፣ የካውንስል ፎቅ፣ ማለትም የመንግሥት ኪራይ ቤት፣ ላይ ያደገች። አማርኛዋ የእናቷ አማርኛ ነው፤ የድሮ ሰው ሰላምታ ትሰጠኝና ወዲያው በእንግሊዝኛ ትቀልዳለች።

ታሪኩ፦ አንዲት ልጅ (ሊያ ራሷ ናት የምትጫወታት) አስቤዛ ይዛ ወደ ቤቷ ስትወጣ ሊፍቱ ይቆማል። ቀዩን የድረሱልኝ ቁልፍ ትጫናለች። የሚመልስ የለም። ከዚያስ? አልኳት። ገና አላውቅም አለች፣ ምንም ሳታፍር። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ የማለት ድፍረት አልነበረኝም። ወደድኳት። ትንሽም ቀናሁ።

ቅዳሜ፣ ጃን. 17

የመጀመሪያው ሙከራ። ስቶክዌል ካለው ቤ/ክ አሥራ አንድ ልጆች መጡ፣ ከነቤተሰባቸው። ጋሼ ግርማ የልጅ ልጃቸውን ናርዶስን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ቴአትር እንደማይወዱ በር ላይ ነገሩኝ፤ ልጅቱ ለምናቸው ነው።

አልተሳካም። ቁልፉ! ሊያ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ቀይ ቁልፍ ናርዶስ ተነስታ ተጫነችው። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። ሊያ መናገር አልቻለችም። ወላጆች አፍረው ልጆቻቸውን ይጎትታሉ፤ አንዷ ሕፃን ታለቅሳለች። ሃያ ደቂቃ ላይ ቆመ።

ቁልፉን ከፍ አድርገሽ ስቀይው፣ አይደርሱበትም፣ አልኳት። አይሆንም አለች። ለምን እንደሚጫኑት ማወቅ አለባት።

እኔም ማወቅ ፈለግኩ። ሻይ ላይ ጋሼ ግርማን ጠየቅኳቸው፣ ልጆቹ እንዲህ ያስቸገሩት ለምን ይመስልዎታል ብዬ።

“አላስቸገሩም” አሉ። “የተጣራ ሰው መልስ እስኪያገኝ ይጣራል። ዝም ያላችሁት እናንተ።”

ሃያ ዓመት ሠራሁበት። ያየው ግን ቴአትር የማይወድ ሰው።

እሑድ፣ ጃን. 18

ከቤ/ክ ስመለስ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ለሙከራ ያህል። ከቁልፉ ጀርባ የሚመልስ ድምፅ፤ ደግ፣ ቀልደኛ። ስምንት ገጽ! ከስንት ዓመት በኋላ። ደስ አለኝ፣ ማስታወሻዬ፣ ተደብቆ እንደሚበላ ሰው ደስ አለኝ። ለሊያ ኢሜይል አደረግኩላት። ለቴአትር ቤቱ አለቃዬም ኮፒ።

ለአለቃዬ ለምን? አላውቅም። አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጃን. 20

ሊያ ዝም። አለቃዬ ግን በጣም ወዳዋለች። ስክሪፕቱ ይህ ከሆነ ለፋሲካ እረፍት ሁለት ሳምንት መድረክ ትሰጠናለች። ፖስተሩ ላይ ስሜ ከሊያ ስም ጎን ይወጣል። እሺም አላልኩ፣ እምቢም።

ረቡዕ፣ ጃን. 21፣ ምሳ ሰዓት

ኤሌፋንት ኤንድ ካስል። ሊያ የምትሠራበት ካፌ፣ በእረፍቷ። አልተቆጣችም፤ እሱ ባሰብኝ። ጽሑፉ ቆንጆ ነው አለች። ከዚያ ቃል እየፈለገች፣ በአማርኛ፦

“እኛ ፎቅ ላይ ቁልፉን ስንጫን ማንም መልሶ አያውቅም። ታዲያ ይሄ አንቺ የጻፍሽው ሰውዬ ማነው?”

ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ለአለቃዬ መላኬንም፣ ስለ ፖስተሩም ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ፣ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቃት ይገባኝ የነበረውን ጠየቅኳት፦ ማንም ካልመለሰ እንዴት ቻልሽው?

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሊፍት ውስጥ ብቻዋን ተቀረቀረች። አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ በበሩ ስንጥቅ እስኪከፈት ድረስ አወራቻት። ፊቷን አላየችም። ሲከፈት ሴትዮዋ ሄዳለች።

እረፍቷ አለቀ። እስክሪብቶዬን ተውሳ ናፕኪን ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አላሳየችኝም።

ቅዳሜ፣ ጃን. 24

ሁለተኛው ሙከራ። ያው ቤተሰቦች። ጋሼ ግርማም አሉ። ናርዶስ አስቸግራኝ ነው ይላሉ፤ ናርዶስ ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው እንሂድ ያለው ትላለች።

ልጆቹ ቁልፉን ተጫኑ። ሊያ አልከለከለችም። ሁሉም እስኪደክማቸው ጠበቀች። ከዚያ አስቤዛውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታን። ማንም የለም? አለች በእንግሊዝኛ። ደግማ በአማርኛ።

ዝምታ። እጅግ ረጅም። እኔ ወንበሩን ጨምድጄ ይዣለሁ። ልናገር ነው፤ ልናገር ነው።

“አለን፣ ልጄ።” ጋሼ ግርማ! “አይዞሽ። ስንተኛ ፎቅ ላይ ነሽ?”

ማንም አልሳቀ። ሊያ ሳትዞር፣ ሰባተኛ አለች። ናርዶስ አስቤዛው ውስጥ ብስኩት እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ ሌሎቹ፣ ከዚያ እናቶች። አንዷ ሕፃን ልትዘፍንላት ፈለገች፤ ዘፈነችላት። አርባው ደቂቃ ሃምሳ ሦስት ሆነ። ሲያልቅ ጋሼ ግርማ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። የክፍሉ አቧራ ነው አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጃን. 27

ስብሰባ፣ ከአለቃዬ ጋር። ሊያም አለች። አለቃዬ የጠየቀችው ተገቢ ነው፦ ከተመልካች ማንም ባይመልስስ? የእኔ ስምንት ገጽ እንደ ዋስትና ይቀመጥ አለች። ሊያ ወደ እኔ አየች።

አይቀመጥ አልኩ። ስሜም ከፖስተሩ ይውጣ። ሥራው የሊያ ነው። ማንም ካልመለሰስ? አላውቅም አልኩ። አፌን ሞልቼ።

ሁለት ሳምንቱ ወደ አምስት ቀን ወረደ። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ለሊያ ይህንኑ ነገርኳት። አምስት ቀን! ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ለካ በደስታ ነው።

ሐሙስ፣ ጃን. 29፣ ጠዋት

የሊያ ቴክስት፦ ሊፍቱ መልሶ ሲንቀሳቀስ ልጅቱ ምን እንደምትል ጠፍቶባታል። ነገ ልምምድ ላይ እንድመጣ ትጠይቃለች።

ሳላስበው ሦስት ሐሳብ መጣልኝ። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። አንዱንም እዚህ አልጽፍም፤ ከጻፍኩት እልከዋለሁ። ቆርጫለሁ፦ ነገ እጠይቃለሁ እንጂ አልነግራትም። መጀመሪያ የምጠይቃት ደግሞ፣ ያቺ ደረጃ ላይ የነበረችው ሴትዮ በመጨረሻ ምን አለችሽ፣ የሚለውን ነው።